ቀስቷ ዋሸች ብላችሁ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ስለ መኪና ጌጅ ነው። ግን ስለ ገንዘብና ሰው ስለ ማስቀየምም ስለሆነ መኪና የሌላችሁም አትለፉት።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። መኪናዬን ግን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ ያቺ ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1982 ሞዴል፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጠኝ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተጋግዘን ነው የገዛናት። ስንገዛት ሁሉ ነገሯ ደህና ነበር። ሁለት ወር ያህል ከነዳኋት በኋላ ግን ዳሽቦርዷ ላይ ያሉት ሁለት ጌጆች፣ የነዳጁም የሙቀቱም፣ ማበድ ጀመሩ።

ማበድ ስል ምን ማለቴ ነው? ነዳጅ ስሞላ ቀስቷ ኤፍን አልፋ ጥግ ላይ ትለጠፋለች። እኔ ሞኙ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፤ "ዛሬ ጥሩ ሞልተውልኛል" እያልኩ። የሙቀቷ ቀስት ደግሞ ገና አስር ደቂቃ ሳልነዳ ወደ ኤች ትጠጋለች። ሁለቱም በአንድ ሰሞን ነው የጀመራቸው፤ ሁለቱም የሚዋሹት ወደ ላይ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። መልሱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር፣ እኔ ግን አላየሁትም።

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ በደንብ ሳይከፍት "መምህር፣ የሙቀት ሴንሰሩ ነው" አለኝ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ሴንሰር ፈልጌ ገዛሁ፤ ተገጠመ። ለውጥ የለም። "እንግዲያው ተርሞስታቱ ነው፣ ይውጣ፤ ለኛ አገር አየር ምን ያደርጋል" ተባለ። ወጣ። እና ምን ሆነ? ቀስቷ መሃል ላይ ቁጭ አለች! ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሂሳቤን ከፍዬ፣ ለረዳቱም የሻይ ጨምሬ ወጣሁ።

አሁን ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። ተርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው። በአብዛኛው 82 ወይም 88 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራል። እሱ ሲወጣ ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ራዲያተር ውስጥ ይዞራል፤ ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት አያገኝም፤ ቤንዚን ይጠጣል፤ ዘይቱም በደንብ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ሞተሩ ያለ ዕድሜው ያረጃል። ስለዚህ የኔ መኪና ላይ የሆነው ይሄ ነው፦ ከእውነቱ በላይ የሚያሳይ ጌጅ ነበረ፣ እሱ ላይ ከሚገባው በታች የቀዘቀዘ ሞተር ተጨመረበት፤ ሁለቱ ተጣፍተው ቀስቷ መሃል ላይ ቆመች። ተማሪዎቼ፣ ፈተና ላይ ሁለት ቦታ ተሳስታችሁ በአጋጣሚ ትክክለኛው መልስ ላይ ስትደርሱ ምን እሰጣችሁ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ዜሮ። ለራሴ ግን ያን ቀን መቶ ከመቶ ሰጠሁ።

የነዳጁ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ይህን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ።

የነዳጅ ሰልፉን ታውቁታላችሁ። አንድ ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ተሰልፌ፣ ተራዬ የደረሰው ረፋድ ላይ ነው። ቀስቷ ግማሽ ላይ ነበረች። የመኪናዋ ታንከር የሚይዘው ወደ 50 ሊትር ነው። ቀጂዋን "ሙይልኝ" አልኳት። ፓምፑ 41 ሊትር ላይ ቆመ። እስቲ አስቡት፤ ግማሽ ድረስ ነዳጅ ያለው የ50 ሊትር ታንከር 41 ሊትር እንዴት ይገባዋል? ጮህኩ። "ሌባ" አልኳት። በዚያ ሁሉ ሰልፈኛ ፊት! ከኋላ የተሰለፉትም አገዙኝ፤ እያንዳንዱ የራሱን ብሶት ያወራ ጀመር። ልጅቷ በዕድሜ ከተማሪዎቼ ብዙም አትበልጥም። ኃላፊው ወጥቶ ባለ 20 ሊትሩን የመለኪያ ዕቃ አስመጣና ፊቴ አስቀዳበት። ልክ መስመሩ ላይ ቆመ። ታዲያ ልመን? "እናንተማ ይሄንንም ታስተካክላላችሁ" ብዬ ከፍዬ ወጣሁ። ስወጣ ልጅቷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ በስፖኪዮ አየኋት።

ፓምፑ በመለኪያ ተረጋግጧል። ጌጄን ግን ማንም፣ እኔም ራሴ፣ አንድ ቀን እንኳ ለክተነው አናውቅም። ያላረጋገጥኩትን አምኜ የተረጋገጠውን ሌባ አልኩት። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ ደግሞ።

በዚህ ሁኔታ ወራት አለፉ። ግንቦት ላይ ባለቤቴንና የአራት ዓመት ልጃችንን ይዤ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ አማቼ ጋ ተነሳን። የዓባይ በረሃን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከጎሃ ጽዮን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት ነው። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ጀመርነው። የሙቀቷ ቀስት ከመሃል ትንሽ ከፍ አለች። ሰጋሁ። ትንሽ እንደሄድን ግን ቀስ እያለች መውረድ ጀመረች፤ ወረደች፣ ወረደች፣ ሲ ላይ ደረሰች። "ተመስገን፣ ነፋስ አገኘች" አልኩ። ባለቤቴ "የሆነ ነገር ይሸታል" አለችኝ። "የጭነት መኪኖቹ ፍሬን ነው" አልኳት። እውነትም ዓባይ በረሃ ውስጥ የፍሬን ሽታ አይጠፋም። ብዙም ሳንቆይ ሞተሩ አቅም አጣ፣ መንቋቋት ጀመረ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ።

ኮፈኑን ስከፍት የታችኛው የራዲያተር ጎማ ተቀዷል። ውስጡ ጠብታ ውሃ የለም።

ያን ጊዜ ያልገባኝን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ይሄ ሞተር የሚያስበላ ነገር ነው። የሙቀት ሴንሰር የሚለካው የነካውን ነው። ውሃው ሲነካው የውሃውን ሙቀት ያሳያል። ውሃው አልቆ ጫፉ አየር ላይ ሲቀር ግን፣ ብረቱ እየነደደ ቀስቷ ልትወርድ ትችላለች። ስለዚህ ዳገት እየወጣችሁ፣ ሞተሩ እየደከመ፣ ቀስቷ በድንገት ወደ ቀዝቃዛ ከወረደች ደስ አይበላችሁ። ቁሙ። ወዲያው ቁሙ።

ውሃ የያዘ ጀሪካን አንስቼ ልጨምር ስል አንድ የጭነት መኪና ረዳት ከላይ እየጮኸ መጣ፤ "ጋሼ ይተው! ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጨምሩ፣ ይሰነጠቃል!" ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ፤ እግዜር ይስጠው። ልጄ ፀሐይ ላይ ከአራት ሰዓት በላይ ቆየች። መኪናዋ ተጎትታ ደጀን ገባች። ቴስታታው ጠሟል፣ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል። የሁለት ወር ደሞዜ አልበቃውም፤ ወንድሜን አስቸገርኩት። አማቼ የጠበቁን ለምሳ ነበር፣ የደረስነው በማግስቱ በሚኒባስ ነው።

ሞተሩ ተሠርቶ፣ አዲስ ተርሞስታትም ገብቶ ስመለስ ጌጆቹ እንደ ድሯቸው ናቸው። ያው ወደ ላይ። ተስፋ ቆርጬ "እንደ ሰዉ ሁሉ ያለ ጌጅ እነዳለሁ" ብዬ ነበር። ስንቱ ነው አሮጌ መኪና ይዞ "ጌጁን ተወው፣ አይሠራም" እያለ የሚነዳው! ከዚያ ነው አንድ የድሮ ተማሪዬን መንገድ ላይ ያገኘሁት። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሆኗል፤ አንዲት ኮንቴይነር ውስጥ ይሠራል። "ቲቸር፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቼ ያባረሩኝ ነኝ እኮ" ብሎ አስታወሰኝ። መኪናዋን አመጣሁለት።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምን መሰላችሁ? ጠየቀኝ። "ቲቸር፣ መቼ ነው የጀመረው? ከዚያ በፊት መኪናዋ ላይ ምን ተነካ?" ምንም አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ በዚያው ሰሞን ቴፕ አስገጥሜያለሁ። ፈገግ አለ። "ሁለት ሴንሰር በአንድ ሳምንት አብረው አይበላሹም። ሁለቱ የሚጋሩትን ነው የምንፈልገው" አለኝ። የጌጆቹን ሰሌዳ ከነመስታወቱ ነቅሎ አወጣና ቴስተሩን ይዞ ገባ።

እዚህ ላይ ትንሽ ፊዚክስ ታገሱኝ። በዚያ ዘመን በነበሩ ብዙ መኪኖች ጌጁ የባትሪውን ቮልት በቀጥታ አይቀበልም። ቀስቷን የሚያንቀሳቅሰው በቀጭን ሽቦ የሚሞቅ፣ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ስስ ዝርግ ነው፤ ሲሞቅ ይጎብጣል፣ ቀስቷን ይገፋል። የባትሪው ቮልት ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ቀስቷ እንዳትዋዥቅ መሃል ላይ አንድ ትንሽ መቆጣጠሪያ ይገባል። ኤሌክትሪኩን እያበራ እያጠፋ አማካዩን ዝቅ ያደርገዋል፤ በድሮዎቹ ቶዮታዎች ወደ 7 ቮልት፣ በእንግሊዞቹ መኪኖች 10 ቮልት። ሁለቱም ጌጆች ከዚሁ ከአንዱ ነው የሚመገቡት። ይህ መቆጣጠሪያ ራሱ እንዲሠራ ግን ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው የኔጌቲቭ መስመር ያስፈልገዋል። ማሳው ከተቋረጠ ማብራት ማጥፋቱን ያቆምና በርቶ ይቀራል፤ ሙሉው ቮልት በቀጥታ ወደ ጌጆቹ ይሄዳል። ሞተር ሲሠራ ደግሞ ይህ ወደ 14 ይደርሳል።

እንግዲህ ኦም ያስተማረንን አስቡ። ሬዚስታንሱ ሳይለወጥ ቮልቱ ከ7 ወደ 14 ሲሄድ ከረንቱ እጥፍ ይሆናል። ሙቀቱ የሚሄደው በከረንቱ ስኩዌር ስለሆነ አራት እጥፍ። ቀስቷ የምትንቀሳቀሰው በሙቀት ነው ብለናል። ታንከሩ ውስጥ 9 ሊትር ቀርቶ ግማሽ ያሳየኝ ይሄው ነው። 50 ሲቀነስ 41፤ ልጅቷ አልሰረቀችኝም።

ምክንያቱ? ቴፑ ሲገጠም የሰሌዳውን ማሳ የያዘች አንዲት ትንሽ ብሎን ተነቅላ ሳትመለስ ቀርታለች። ሽቦዋ ተንጠልጥላ ዝጋለች። ልጁ በብርጭቆ ወረቀት ጠረጋት፣ ብሎን ፈልጎ አጠበቃት። አርባ ደቂቃም አልፈጀ። ቁልፉን ሳዞር ቀስቶቹ ቀስ ብለው ተነሱና በየቦታቸው ቆሙ።

"ስንት ልክፈልህ?" አልኩት። "ምንም አልቀየርኩም እኮ ቲቸር" አለኝ። ክርክር ገጠምን። ያኔ የነገረኝ ነው ይህን ሁሉ ያጻፈኝ። "ሰው የሚከፍለው ዕቃ ሲቀየርለት ነው" አለኝ። "ግማሽ ቀን ፈልጌ የተበጠሰ ሽቦ ባገኝ፣ 'ሽቦ ለመቀጠል ነው ይሄን ያህል የምትጠይቀኝ?' ይሉኛል። ዝም ብዬ ሴንሰር ብቀይር ግን የዕቃውንም የእጄንም ሳይከራከሩ ይከፍላሉ። አንዳንዴ እውነቱን ልንገርዎት፣ ልጆች አሉኝ፣ ይፈትነኛል።"

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ነው የኔ አስተያየት። ሁላችንም "መካኒኮች ሌባ ናቸው፣ በግምት ነው የሚሠሩት" እንላለን። እኔም ብያለሁ። አንዳንዱ እውነትም እንደዚያ ነው፤ የኔው ያለ ምንም ምርመራ ሴንሰር ያስቀየረኝና ተርሞስታቴን አውጥቶ የጣለው ሰው ከተጠያቂነት አይድንም። ግን ያንን ሰው ያሠለጠንነው እኛ ደንበኞቹ ነን። ለመፈተሽ አንከፍልም፤ ለዕቃ እንከፍላለን። ዕቃው ባይሠራም በእጃችን የያዝነው ካርቶን ስላለ የተታለልን አይመስለንም። ሃኪም ቤት ለምርመራ ካርድ አውጥተን፣ ለላብራቶሪ ከፍለን፣ "ምንም የለብህም" ሲባል ተመስገን ብለን እንሄድ የለም እንዴ? ጋራዥ ላይ ሲሆን ለምንድነው "ምንም አልቀየርክም" ብለን የምንጣላው?

ለጌጅ ደግሞ ይሄ የበለጠ ይብሳል። ጌጅ ራሱ መለኪያ ነው። መለኪያን ሳይለኩ በግምት መጠገን ምን የሚሉት ነገር ነው? ስለዚህ እኔ አሁን ጋራዥ ስገባ መጀመሪያ የምስማማው በፍተሻው ዋጋ ነው። "ምንም ባትቀይርም ችግሩን አግኝተህ ካሳየኸኝ ይህን ያህል እከፍልሃለሁ" እላለሁ። አንዳንዶቹ እንደ እብድ ያዩኛል። ችሎታ ያላቸው ግን ፊታቸው ይፈካል። ለተማሪዬም በግድ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት፤ ለዚያ የማይረባ ሴንሰር ካወጣሁት አይበልጥም።

ለኛ ለአስተማሪዎችም አንድ ነገር አለኝ። ኦምን ከአስር ዓመት በላይ በጠመኔ አስተምሬያለሁ። ቮልት፣ ከረንት፣ ሬዚስታንስ፣ "ሁለቱ ከተሰጡ ሦስተኛውን ፈልጉ"። አንድም ቀን ተማሪ እጅ ላይ ቴስተር አላስያዝኩም። ኋላ ወንበር የሚተኛው ልጅ ኦምን ያወቀው ካባረርኩት በኋላ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። "ቲቸር፣ ይሄ ለምን ይጠቅመናል?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ልጆች፣ ያን ጊዜ የተቆጣኋችሁ መልሱን ስለማላውቅ ነበር።

ለባለ አሮጌ መኪኖች ደግሞ ከልጁ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ሁለቱም ጌጆች አንድ ላይ ካበዱ ሴንሰር አትግዙ። ሁለቱም ከሞቱ ፊውዙን፣ ከዚያ ወደ ሰሌዳው የሚመጣውን መስመርና መቆጣጠሪያውን እዩ። ሁለቱም ወደ ላይ ከሆኑ ማሳውንና ያንኑ መቆጣጠሪያ። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን የራሱን መስመር ነው የምትከተሉት። ሞተር ጠፍቶ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀሉት፤ ቀስቷ ወደ አንዱ ጫፍ መሄድ አለባት። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ በትንሽ አምፖል በኩል፣ 3 ወይም 4 ዋት የሆነች፣ ከማሳ ጋር አገናኙት፤ ቀስቷ ወደ ሌላኛው ጫፍ መነሳት አለባት። ግማሽ ደቂቃ ታገሱ፤ የድሮ ጌጅ በሙቀት ስለሚሠራ ቀርፋፋ ነው። ከተነሳች ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ሴንሰሩ ወይም የሴንሰሩ ማሳ ላይ ነው። ካልተነሳች ሴንሰር መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። አምፖሏ ለምን አስፈለገች? ሽቦውን በቀጥታ ማሳ ላይ ከያዛችሁት ጌጁ ሊቃጠል ይችላል። የነዳጁን ስትሞክሩ ደግሞ ታንከሩ ተዘግቶ፣ ሽቦው ራቅ ካለ መገጣጠሚያ ላይ ይሁን። በተከፈተ ታንከር አጠገብ ብልጭታ አይታሰብም።

የሙቀት ሴንሰሩን አውጥቶ መፈተን ቀላል ነው። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ጫፉን ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ንከሩት፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር ሬዚስታንሱ መቀነስ አለበት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ እንጂ 100 ላይ አይደለም፤ ስትለኩ እንዳትሳሳቱ። ስትመልሱትም ጥርሱ ላይ ነጩን የቧንቧ ቴፕ አትጠቅልሉበት፤ አብዛኛው ሴንሰር ማሳ የሚያገኘው በጥርሱ ስለሆነ ቴፑ ይጋርደዋል።

ከፍታውን ካነሳን አይቀር፣ የራዲያተር ክዳንን ንቀን አንተወው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ የሚይዘው ግፊት ነው። ያ ግፊት የውሃውን መፍያ ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ ይገፋዋል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ያቺው 92 ላይ ይፈላል። ተርሞስታቱ 88 ላይ የሚከፈት ከሆነ ልዩነቱ አራት ዲግሪ ብቻ ነው! ባህር ጠለል ላይ ያለ ሰው የማያጋጥመው ችግር ነው። እና ብዙ ጊዜ "ጌጁ ነው" ተብሎ የሚታማው ክዳኑ ነው። ክዳኑን ግን ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ እንዳትነኩት፤ ፊት ያቃጥላል።

የነዳጅ ተንሳፋፊውም እንዲሁ ነው። ክንዱን በእጅ ከታች ወደ ላይ ስታንቀሳቅሱት ቁጥሩ ሳይዘል በቀስታ መለወጥ አለበት። የሚዘል ከሆነ መንገዱ ተበልቷል። ተንሳፋፊው ተበስቶ ቤንዚን ከገባበት ደግሞ ይሰምጣል፤ ታንከሩ ሞልቶ ባዶ ያሳያል። ከሌላ መኪና የወጣ ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ በድሮ ቶዮታ ሲሞላ ሬዚስታንሱ ዝቅተኛ ነው፣ በድሮ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ግን ባዶው ዜሮ ኦም፣ ሙሉው 90 ነው። ተገልብጦ የሚያሳይ ጌጅ ያያችሁ ካላችሁ አልተረገመም፣ ዕቃው የሌላ ነው። (ቪትዝና አዳዲስ መኪና ያላችሁ፣ የናንተ በኮምፒውተር ነው፤ ቀስቷ ሆን ተብሎ መሃል ላይ እንድትቆይ ስለሚደረግ ሰፊ የሙቀት ልዩነት ትደብቃለች። ዲያግኖስቲክ ማሽን ያለው ሰው ዘንድ ሂዱ።)

እኔ ከተስተካከለ በኋላ ቀስቷን በዳግም ላምናት ስላልቻልኩ ራሴ ለካኋት። ታንከሩን ወደ ማለቁ አድርሼ በየ5 ሊትሩ እየጨመርኩ ቀስቷ የት እንደምትቆም ትንሽ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። እኩል እኩል አትሄድም፤ ከግማሽ በታች ትፈጥናለች። ወረቀቷ አሁን ዳሽቦርዱ ላይ ተለጥፋለች፤ ልጄ የትምህርት ቤት ሥራ መስሏት ጎኗ ላይ ቀለም ቀብታበታለች።

ያ ማደያ ጋ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። ልጅቷ አለች። ሰልፉን ጠብቄ ተራዬ ሲደርስ ከመኪናው ወርጄ ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳልኳት፣ ጥፋቱም የመኪናዬ እንደነበር ነገርኳት። ይቅርታ አልኳት። የነዳጁን አፍ እንደያዘች ቆማ አየችኝ። "አላስታወስኩዎትም" አለች። "በቀን ስንቱ ነው ሌባ የሚለኝ።" ከዚያ ስንት ሊትር እንደምፈልግ ጠየቀችኝ።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ መብራት ካለ ማታ ማታ እመልሳለሁ። የመኪናውን ዓይነትና ሞዴል፣ አንዱ ጌጅ ነው ወይስ ሁለቱም፣ መቼ እንደጀመረና ከዚያ በፊት ምን እንደተነካ አብራችሁ ንገሩኝ።